የወጥመድ ችካል ምርጫ፦ በመረሬ፣ በጭንጫ፣ በአሸዋና በጨፌ የትኛው ይይዛል?

ሌሊት ጃርት የገባበት የሽቦ ሳጥን ጠዋት ከማሳው ዳር ተገልብጦ፣ በሩ ተከፍቶ ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ሳጥኑን ነው። ጎንበስ ብሎ የችካሉን ጉድጓድ ያየ ግን ምክንያቱን እዚያው ያገኘዋል። ጉድጓዱ እንደ ሙቀጫ አፉ ሰፍቶ፣ ታችኛው ጠቦ ይታያል። እንስሳው ችካሉን በአንድ ጉልበት አልነቀለውም። ሌሊቱን ሙሉ ወዲህና ወዲያ ሲወዘውዘው አፈሩ ከላይ እየሰፋ ሄዶ፣ በመጨረሻ ችካሉ እንደ ላላ ጥርስ ወጣ። ይህ የሚሆነው ብረቱ ስለቀጠነ አይደለም፤ ችካሉ ከአፈሩ ጋር ስላልተስማማ ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህ ጥያቄ ከሌላው አካባቢ ይልቅ ይከብዳል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር በኩል ሸዋሮቢት የሚወርድ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ጨፌውን (ውሃ የሚተኛበትን ሣራም ሜዳ)፣ ጭንጫውን (ድንጋያማውን መሬት) እና የቆላውን አሸዋማ ደለል ያልፋል። ወደ እነዋሪና ወደ ጅሩ ሜዳ የዞረ ደግሞ መረሬ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ያርፋል። ለአንዱ የሚሆን ችካል ለሌላው አይሆንም።

ስለ ሕጉና ስለ ወጥመዱ ዓይነት

የዱር እንስሳን ማደንም ሆነ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በሥራ ላይ ያለውን የዱር እንስሳት አዋጅ ይመልከቱ። ጃርት ድንች ቢፈጅ፣ ሸለምጥማጥ ዶሮ ቢጨርስ ከመጥመድ በፊት ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይቀድማል። መንዝ ጓሳ ዙሪያ ግን ጨርሶ አይጠመድ። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ምግቡ ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ ለፍልፈል የተጠመደ ጉድጓድ አፍ ላይ መጥቶ ማነፍነፉ አይቀርም።

እዚህ የምናወዳድረው ለሁለት ዓይነት ወጥመድ የሚሆን ማሰሪያ ነው። አንዱ እንስሳውን በሕይወት የሚይዝ ባለ በር የሽቦ ሳጥን ሲሆን፣ ሌላው በፍልፈል ጉድጓድ የሚገባው ትንሹ ወጥመድ ነው። እግር የሚቀረጥፈው ባለ ጥርስ ብረት በዚህ ንጽጽር የለም። እርሱ የጥጃን፣ የውሻንም ሆነ የእረኛ ልጅን እግር አይለይም።

መመዘኛዎቹ

*ምን ያህል ጉተታ ይችላል?* ሸለምጥማጥ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። ጃርት ከ10 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ሳጥኑን ከውጭ የሚጎትተው ጅብ ግን 50 እና 60 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ጅብ በሚመላለስበት ቦታ የችካሉ ልክ የሚወሰነው በተያዘው እንስሳ አይደለም፤ ሽታውን ተከትሎ በሚመጣው ጅብ ነው። ለመነሻ የሚሆን ልክ ይህ ነው፦ ለሸለምጥማጥ ሳጥን 25 ኪሎ፣ ለጃርት 75 ኪሎ፣ ጅብ ላለበት 150 ኪሎ ወደ ላይ ተስቦ የማይነቃነቅ።

ይህን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። 1 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጣና ይያዙ። ከአንዱ ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ ድንጋይ ያስደግፉት፤ አጭሩን ጫፍ ከችካሉ ጋር በሽቦ ያስሩ፤ በረጅሙ ጫፍ ላይ ውሃ ያለበት ጀሪካን ያንጠልጥሉ። አጣናው ክብደቱን አምስት እጥፍ ያደርገዋል። 5 ሊትር ውሃ ችካሉን በ25 ኪሎ፣ 15 ሊትር በ75 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይስበዋል። ለ150 ኪሎ 15፣ 15 ሊትር የያዙ ሁለት ጀሪካኖች ይበቃሉ። እንደተንጠለጠለ አምስት ደቂቃ ይተዉት። መረሬ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ፣ መጀመሪያ የያዘ የመሰለው ችካል በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጣት ያህል ሲወጣ ያዩታል።

*ጠንካራው አፈር ስንት ላይ ነው?* ጫፉ የሾለ ባለ 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ) ፌሮ፣ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ለመፈተሻ ይያዝ። በእጅ ተገፍቶ 30 ሳንቲ ሜትር ከገባ አፈሩ ልል ነው። በመዶሻ አሥር ምት ተመትቶ 10 ሳንቲ ሜትር ካልገባ ደረቅ ነው ወይም ድንጋይ አለበት። ከዚህ ፍተሻ በፊት ብረት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

*ሸክሙና ወጪው።* የብረት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች የምንሰጠው ክብደቱን ነው። በዕለቱ የኪሎ ዋጋ ማባዛት ቀላል ነው።

*መነቀል መቻሉ።* ማሳ ውስጥ የቀረ ብረት ማረሻ ይሰብራል፣ የበሬ ኮቴ ይወጋል። ከመሬት በላይ ጫፉ የሚታይ ፌሮ ደግሞ ውሎ ሳያድር ቁራሌው ጋ ይደርሳል።

የእንጨት ችካል

ከ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና ከ60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አይነስ። ወይራና ጥድ ይመረጣሉ፤ ጥድን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ጭንቅላቱ በመዶሻ ሁለት ይከፈላል። በቆላው ደግሞ አንድ በጋ ሳይሞላ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ለጃርት አይሆንም፤ ጃርት እንጨት ይፋቃል፤ ጥርሱ የሚደርስበት ችካልም ሆነ ገመድ ጠዋት ላይ አይገኝም። ለዶሮ ቤት ጥበቃ ግን ምንም ሳያወጡ የሚገኝ በቂ ችካል ነው።

ባለ 12 ፌሮ፣ 60 ሳንቲ ሜትር

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ መጀመሩም ስህተት አይደለም። አንድ በርጋ፣ ማለትም ሳይቆረጥ የሚሸጠው ሙሉ ፌሮ፣ 12 ሜትር ነው፤ ክብደቱ 10.7 ኪሎ ያህል። ከእርሱ 20 ችካል ይወጣል፤ አንዱ 530 ግራም ገደማ ይመዝናል።

አቆራረጡ ላይ ትንሽ ብልሃት አለ። በያጁ በርጋውን መጀመሪያ በ120 ሳንቲ ሜትር ቀጥ አድርጎ ይቁረጠው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ መሐል ለመሐል አስተኝቶ በሰያፍ ይክፈለው። አንድ ሰያፍ ቁርጥ ሁለት የሾሉ ጫፎች ያወጣል፤ ሌሎቹ ጫፎች ለመዶሻ የሚመቹ ደልዳላ ሆነው ይቀራሉ። ለማሾል ተጨማሪ የእጅ ዋጋ አይከፈልም።

የሰንሰለቱ ቀለበት በፌሮው ላይ ከገባ በኋላ ራሱ ላይ ወፍራም ሮንዴላ ይበየድበታል። ቀለበቱ ከሮንዴላው ሥር በነፃ መዞር አለበት። ካልዞረ ሰንሰለቱ እየተጠማዘዘ ያጥራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉተታ ችካሉን ይወዘውዘዋል። ብየዳው ዙሪያውን ይሁን። ሁለት ቦታ ብቻ የተነካ ብየዳ ከጥቂት የመዶሻ ምት በኋላ ይለቃል። ትኩስ ብየዳ ውሃ ውስጥ አይነከር፤ ፌሮ በድንገት ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል።

ሲተከል ራሱ ከአፈሩ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይመታ። አምስት ሳንቲ ሜትር ከመሬት በላይ የቀረ ችካል ለጎታቹ መፈንቀያ ይሆንለታል፤ የሙቀጫው ጉድጓድ የሚመጣው በዚህ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ድንጋይ ከነካ እየደጋገሙ አይምቱት፤ ፌሮው ታጥፎ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለት ሦስት ጫማ ፈቀቅ ብሎ እንደገና መሞከር ይሻላል።

የዚህ ችካል ፈተና መረሬ ነው። በነሐሴ በቀላሉ ይገባል፤ ጭቃው ስለሚጣበቅበትም ወደ ላይ ሲስቡት ይይዛል፤ ወደ ጎን ግን ይሰጣል። በኅዳር አፈሩ መሰንጠቅ ሲጀምር ከብረቱ ይሸሻል። በመስከረም በደንብ የያዘ ችካል በታኅሣሥ ሁለት ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ መካከል ቆሞ ይገኛል፤ በእጅ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ መረሬ ላይ ሦስት ነገር ይደረግ፦ ርዝመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በበጋ ከስንጥቁ ርቆ ከጓሉ መሐል ይተከል፤ ክረምት የተተከለው ኅዳር ላይ ተነቅሎ ቦታ ይቀየርለት። ውፍረቱን ወደ ባለ 14 ማሳደግ ግን ሸክምና ወጪ ከመጨመር በቀር ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም። ያነሰው ርዝመቱ እንጂ ውፍረቱ አይደለም።

ጥንድ ባለ 10 ፌሮ፣ ተመሳቅሎ የሚተከል

ከሁሉ በላይ እንዲታወቅ የምንፈልገው ይህን ነው። እያንዳንዳቸው 45 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ባለ 10 ፌሮዎች አንድ ላይ 555 ግራም ይመዝናሉ። ከአንዱ ባለ 12 ችካል ጋር ክብደታቸውም ዋጋቸውም እኩል ነው ማለት ይቻላል። አያያዛቸው ግን አይወዳደርም። አንዱ ችካል ቀጥ ብሎ ሲሳብ በገባበት ጉድጓድ ተንሸራቶ ይወጣል። የተመሳቀሉት ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ስላዘመሙ ወደ ላይ ሲሳቡ በየበኩላቸው አፈሩን በጎናቸው ይገፋሉ፤ የሚያነሱት የአፈር ጓል ሰፊ ይሆናል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። አንድ ወፍራም የሰንሰለት ቀለበት መሬት ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ፌሮ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ፣ ግማሽ ቀኝ ማዕዘን ያህል አዘንብሎ፣ እስከ ራሱ ይመታል። ሁለተኛው በዚያው ቀለበት ከተቃራኒው ወገን ገብቶ ይመታል። ከመሬት በታች እንደ መቀስ ይከፈታሉ። ቀለበቱ ከጠበበ ሁለተኛው አይገባም፤ ከሰፋ ደግሞ የፌሮው ራስ ሾልኮ ያልፍበታል። ስለዚህ ቀለበቱ ሁለቱን ፌሮ አጠጋግቶ የሚያሳልፍ፣ ራሱ ላይ የተበየደውን ሮንዴላ ግን የማያሳልፍ መሆን አለበት።

ድክመቱ አንድ ነው። ሁለቱ ፌሮዎች በተዘረጉበት መስመር አንጻር፣ ከጎን ሲጎተቱ ጥንካሬያቸው ይቀንሳል። ለሳጥን ወጥመድ መፍትሔው በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ላይ አንዳንድ ጥንድ መትከልና የአንደኛውን አቅጣጫ ማዞር ነው።

በሸዋሮቢትና በቀወት አሸዋማ ደለል ላይ ከፌሮ ችካሎች ሁሉ የሚታመነው ይህ ነው። በመንዝ እርከኖች ላይም፣ አፈሩ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ከሥሩ ጭንጫ ሲኖር፣ ረጅሙ ችካል በማይገባበት እርሱ አዘንብሎ ይገባል። ከአንድ የባለ 10 በርጋ 26 ቁራጭ፣ ማለትም 13 ጥንድ ይወጣል።

ባለ ገመድ ተገልባጭ ብረት

በእግር ርቆ ለሚሄድ ሰው ሸክሙ በጣም የቀለለው ይህ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኤል ቅርጽ ብረት ይቆረጣል፤ አንዱ ጫፉ ይሾላል፤ የኋላው ጫፍ ትንሽ ወደ ውጭ ይታጠፋል። በሆዱ በኩል፣ ወደ ሹሉ ጠጋ ብሎ፣ የመምቻው ዘንግ የሚገባበት 4 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ቱቦ ይበየዳል፤ የቱቦው የፊት አፍ ይደፈናል። መሐሉ ተበስቶ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ባለ 3 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ ይታሰርበታል። ሁሉም ተደምሮ 170 ግራም አይበልጥም።

ዘንጉ ባለ 14 ፌሮ፣ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንዱ ለሁሉም ያገለግላል። ብረቱ 50 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ተመትቶ ዘንጉ ይወጣል። ከዚያ ገመዱ በአጣና ወደ ላይ ይሳባል። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከተሳበ በኋላ በድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ ብረቱ ከሥር ተገልብጦ በአግድም ተኝቷል ማለት ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ይህን መጨረሻ ሳያደርግ ሲሄድ ነው። ያልተገለበጠ ብረት እንስሳው ሲስበው በገባበት ይመለሳል።

ገመዱ አይቋጠር። ቋጠሮ ላይ የብረት ክሮቹ ይሰበራሉ፤ ይልቅ ታጥፎ በሁለት መያዣ ቡሎን ይጥበቅ። አሮጌ የሞተር ሳይክል ፍሬን ገመድ ርካሽ ነው፤ ከጫፉ የተበጣጠሰ ክር ካለበት ግን ያንን ክፍል ቆርጦ መጣል ነው፤ እጅም ይወጋል።

በእርጥብ ቀይ አፈርና በመስከረም መረሬ ግሩም ነው። በአሸዋ የሚሠራው የብረቱ ርዝመት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ነው። በጭንጫ አይሞከር፤ ዘንጉ ይቀረቀራል። በለሰለሰ ጨፌም አይገለበጥም፤ በጭቃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መልሶ ለማውጣት መቆፈር ስለሚጠይቅ በማሳ መሐል ከመትከል በድንበሩ ላይ መትከል ይሻላል።

የተቀበረ ግንድ ወይም ድንጋይ

50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት መሐሉን በሽቦ ታስሮ በ40 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ አግድም ይቀበራል። ሽቦው የሚወጣበት ቀጭን ቦይ በሚጎተትበት አቅጣጫ ይቆፈራል። አፈሩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ እየተረገጠ ካልተመለሰ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ልል አፈር ግንዱን አይዝለትም። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ ጨፌዎች ሌላው ሁሉ ሲከዳ ይህ ይይዛል። የሚያስከፍለው ጉልበት ነው፤ ለአንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይመደብ።

በአፈር የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት

ባዶው 100 ግራም አካባቢ ነው፤ ቦታው ላይ ሲሞላ 50 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ሦስተኛ ያህል ተሞልቶ፣ አፉ ታስሮ፣ በሳጥኑ አናትና በበሩ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ይጫናል። በሩ ላይ አፈር ከፈሰሰ አይዘጋም። ዓለት ላይ ከዚህና ከድንጋይ ካብ ሌላ ምርጫ የለም። ፀሐይ ግን ይጎዳዋል፤ በጋውን ውጭ የከረመ ከረጢት ሲያነሱት በእጅ ላይ ይፈረፈራል። ጅብን ለብቻው አይችልም፤ ጅብ ከረጢቱን ይገለብጠዋል።

ሳጥኑን ከቆመ ዛፍ ወይም ከዶሮ ቤት ቋሚ ጋር በሽቦ ማሰር ከተቻለ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። እንስሳው እየጎተተው እንዲሄድ ግንድ ማሰር ግን አይደረግ። ገደል ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ይዞት ይጠፋል፤ ተሰቃይቶ ይሞታል፤ ያለ ፍላጎት የተያዘውንም መልቀቅ አይቻልም።

በአንድ እይታ

| ዓይነት | ለ10 ወጥመድ ሸክም | መረሬ በበጋ | መረሬ በክረምት | ጭንጫ | አሸዋ | ጨፌ | መንቀል |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| እንጨት | 10 ኪሎ | ደካማ | ደህና | ደካማ | ደካማ | ደካማ | ቀላል |
| ባለ 12 ፌሮ፣ 60 ሳ.ሜ. | 5.3 ኪሎ | ደህና፣ ከጓሉ መሐል ከተተከለ | ደህና | ደካማ | ደካማ | ደካማ | ቀላል |
| ጥንድ ባለ 10 ፌሮ፣ 1 ጥንድ ለአንድ | 5.6 ኪሎ | ጥሩ | ደህና | ደህና | ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ |
| ተገልባጭ ብረት | 1.7 ኪሎና ዘንግ | ደህና | ጥሩ | አይሆንም | ደህና | ደካማ | ከባድ |
| የተቀበረ ግንድ | ሽቦ ብቻ | ጥሩ | ጥሩ | አይሆንም | ጥሩ | ጥሩ | ከባድ |
| ከረጢት፣ 2 ለአንድ | 2 ኪሎ | ደህና | ደህና | ጥሩ | ደህና | ደህና | ቀላል |

ለማን የትኛው?

ዶሮ ቤቱን ለሚጠብቅና አንድ ሳጥን ላለው፦ ምንም ብረት አይግዛ። ሁለት ከረጢትና ከቋሚው ጋር የሚያስር ሽቦ ይበቃዋል።

ድንች ወይም ገብስ ላይ ጃርት ለሚያስቸግረው፣ ከሁለት እስከ አራት ሳጥን ላለው የደጋ ገበሬ፦ ጥንድ ባለ 10 ፌሮ። ለአንድ ሳጥን ሁለት ጥንድ ስለሚያስፈልግ አንድ በርጋ ለስድስት ሳጥን ይበቃል። ሦስት ጎረቤቶች ቢያዋጡ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ2 ኪሎ ተኩል ብረት አይበልጥም። ጅብ ካለ በሳጥኑ ላይ ከረጢት ይጨመር፤ ክብደቱ ሳጥኑን ከመገልበጥ፣ ፌሮው ከመጎተት ያድነዋል።

በሸዋሮቢት መስኖ የሽንኩርትና የማሾ ማሳ ላለው፦ ያው ጥንድ ፌሮ፣ ግን ከ45 ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ውሃ በገባ ማግሥት አሸዋው ስለሚላላ ፍተሻው ይደገም።

ዳገት ለዳገት ብዙ ወጥመድ ተሸክሞ ለሚሄድ፦ ተገልባጩን ብረት ይያዝ፤ ጭንጫ ላይ ለሚደርስበት ቦታ ጥቂት ባዶ ከረጢት ይጨምር።

ለፍልፈል፦ ፍልፈል ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ማሰሪያው የሚያስፈልገው የተያዘው ፍልፈል ወጥመዱን ወደ ጉድጓዱ እንዳይስበው፣ ውሻም ይዞት እንዳይሄድ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ባለ 6 ፌሮ፣ 67 ግራም፣ ይበቃል። ራሱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት፤ ይህኛው በሣር ውስጥ ቶሎ ስለሚጠፋ ነው።

የትኛውም ቢመረጥ ወጥመዱ በየማለዳው ፀሐይ ሳትበረታ ይታይ። ጥርኝ ወይም አነር ከተገኘበት ከጀርባ ቆሞ በሩን በረጅም እንጨት ከፍቶ ይለቀቅ።

ችካል ሲነቀል ቀጥ ብሎ አይሳብ። ፌሮውን በቧንቧ መፍቻ ሩብ ዙር ወዲህና ወዲያ አዙሮ ከአፈሩ ማላቀቅ፣ ከዚያ በዚያው የመፈተኛ አጣና ማንሳት ነው። የተተከለው ቁጥር በሳጥኑ ጎን ላይ በቀለም ይጻፍ፤ በሬ ከመጠመዱ በፊት ያ ቁጥር ከተነቀሉት ጋር ይመሳከር። አንድ ካነሰ ማሳው ሳይታረስ ይፈለግ።